አዲስ ሞተር ሳይክል ማሟሸት፦ ከፍሮንት ሮያል እስከ ቼሮኪ



 ከመካከላችሁ ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ብታንቀላፉ አልቀየምም።

ዛሬ የማወራው ስለ ትልልቆቹ የረጅም መንገድ ሞተር ሳይክሎች ነው፤ ቱሪንግ ስለምንላቸው። ሆንዳ ጎልድ ዊንግ፣ የቢኤምደብልዩ ቦክሰሮች፣ ሃርሊ ዴቪድሰን ኤሌክትራ ግላይድ። በዲሲና በአካባቢው ያለን ወገኖች ዕድሜያችን ከፍ፣ የቤት ዕዳችን ዝቅ ሲል ወደ እነዚህ ማየት ጀምረናል። ደስ ይለኛል። የማይጥመኝ ከግዢው ማግስት የሚሆነው ነው። ሰውየው ሞተሩ ከሻጩ ግቢ ሳይወጣ ስልኩን ያወጣና ዕቃ ማዘዝ ይጀምራል፦ ረጅም የፊት መስታወት፣ ሌላ መቀመጫ፣ ተጨማሪ መብራት፣ የሚጮህ ማርሚታ። ሞተሩ ሮዳጅ ሳይጨርስ ከዋጋው ሩቡ የሚያህል ገንዘብ ተጨምሮበታል።

እኔ የምለው የመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትሮች እስኪያልቁ ኪሳችሁን ዝጉ ነው። ያን ጊዜ ሞተሩ ይሟሻል፣ እናንተም ምን እንደጎደለው ታውቃላችሁ። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ መንገድ ላይ አብረው ያልቃሉ፤ መንገዱንም እነግራችኋለሁ። አስቀድመን ግን ሞተሩ ውስጥ እንግባ።

የሲሊንደር ግድግዳ ለዓይን ቢያብረቀርቅም ፍጹም ልሙጥ አይደለም። ፋብሪካው ሆን ብሎ እርስ በርስ የሚቆራረጡ ቀጫጭን ጭረቶች ያወጣበታል። ጭረቶቹ ዘይት ይይዛሉ፤ ጫፋቸው ደግሞ የፒስተኑን ፋሻ፣ ማለትም ፒስተኑን የከበቡትን ቀለበቶች፣ ቀስ እያለ ይሞርዳል። ፋሻውም በተራው የጭረቱን ሹል ጫፍ ያዶለዱማል። ሁለቱ በደንብ ሲገጣጠሙ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ታች አያመልጥም፣ ዘይቱም ወደ ላይ አይወጣም።

ፋሻውን ወደ ግድግዳው የሚጫነው ከራሱ መለጠጥ ይልቅ የሚቃጠለው ጋዝ ነው፤ ከጀርባው ገብቶ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ስለዚህ ሞተሩን ጋራዥ ውስጥ አስነስቶ ለረጅም ጊዜ ማቆም ለፋሻው ምንም አይጠቅመውም፤ ጫናው አይበቃም። ይባስ ብሎ ጭረቶቹ በተቃጠለ ዘይት ይደፈኑና ግድግዳው ይለሰልሳል፤ እንዲህ የሆነ ሞተር ዕድሜውን ሁሉ ዘይት ሲጠጣ ይኖራል። ከመጀመሪያዋ ሰዓት ጀምሮ እስከ መጨረሻው ነዳጅ እየሰጡ መጋለብም ሌላው ጥፋት ነው፤ ሹል ጫፎቹ በአንድ ጊዜ ይግላሉ፣ ዘይቱ ይሳሳል፣ ብረት ብረትን ይቧጭራል። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ ሲያሟሹ ከእነዚህ ከሁለቱም ይሸሻሉ፤ እሳቱን አያንቦገቡጉትም፣ እንዲበርድም አይተዉትም፤ በጎመን ዘር እያሹ ሙቀቱን ከፍና ዝቅ ያደርጉታል።

የባለቤት መመሪያ መጽሐፎች በቁጥር ይለያያሉ። ሆንዳ በመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች ነዳጅ እስከ መጨረሻው ከፍቶ መነሳትን፣ ፍሬን በኃይል መያዝንና ማርሽ በጥድፊያ ማውረድን ተዉ ይላል። ቢኤምደብልዩ ለቦክሰሮቹ እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ሞተሩ በደቂቃ ከ5,000 ዙር በታች እንዲሠራ፣ ሙሉ ጭነትም እንዳይጣልበት ያዝዛል። ሃርሊ ዴቪድሰን በመጀመሪያዎቹ 50 ማይሎች ከ3,000 ዙር በታች፣ ከዚያም እስከ 500 ማይል ድረስ 3,500 ዙር ይፈቅዳል። የቁጥሩ ልዩነት አያስጨንቃችሁ፤ የሃርሊው ትልልቅ ፒስተኖች ያሉት ሞተር በ3,000 ዙር የሚሠራውን ሌላው በ5,000 ይሠራዋል። ዋናው ነገር ቢኤምደብልዩና ሃርሊ አንድ ዓይነት ምክር መስጠታቸው ነው፦ በአንድ ፍጥነት ላይ ለረጅም ጊዜ አትቆዩ። ፍጥነቱም ጭነቱም ይለዋወጥ።

ሃርሊ ሌላም ይጨምራል፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው ግን እሱን ነው። ሞተሩን አታስጨንቁት ይላል፤ በትልቅ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ዙር፣ እያቃሰተ ዳገት አታስወጡት። ለአዲስ ሞተር አዝናለሁ ብሎ በአምስተኛ ማርሽ ቀስ እያለ ዳገት የሚወጣ ሰው ከፍ ባለ ዙር በሦስተኛ ከሚወጣው የበለጠ ይጎዳዋል። በዝቅተኛ ዙር የዘይቱ ግፊት ያነሰ ነው፣ በብረቶቹ ላይ የሚያርፈው ጫና ግን ትልቅ ነው።

መመሪያውን ተዉት፣ ገና ከጅምሩ በኃይል ንዱት የሚል ወገን እንዳለ ታውቃላችሁ። ፋሻ የሚቀመጠው በጫና ነው ይላሉ፤ እዚህ ላይ እውነት አላቸው። ሆኖም የዛሬ ፋብሪካ የጭረቱን ሹል ጫፍ ገና ከማሽኑ ላይ ሳለ በከፊል ስለሚያዶለዱመው፣ ለባለቤቱ የሚቀረው ሥራ አባቶቻችን ከነበረባቸው ያነሰ ነው። በጥንቃቄና በጭካኔ መካከል ያለው የጉልበት ልዩነት ለተራ ተጓዥ የሚታወቅ አይመስለኝም። ዋስትና የሚሰጣችሁ ደግሞ መጽሐፉን የጻፈው ነው፤ ስለዚህ እኔ ከመጽሐፉ ጋር ነኝ።

የሚሟሸው ሞተሩ ብቻ ቢሆን ንግግሬ እዚህ ባለቀ ነበር። አዲስ ጎማ ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ ልሙጥ ነው፤ እስኪሻክር ድረስ መንገዱን አጥብቆ አይዝም። የሚሻክረውም መንገድ የነካው በኩል ብቻ ስለሆነ ቀጥ ባለ መንገድ 500 ኪሎ ሜትር የሄደ ጎማ መሐሉ ያረጀ፣ ጎኑ ግን ገና አዲስ ነው። በመጀመሪያው ጥምዝ ላይ የሚጥላችሁ ያ ጎን ነው። የፍሬኑ ሸራም ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ድረስ ሙሉ ኃይሉን አይሰጥም፤ እስከዚያው መያዣውን ጠንከር አድርጎ መጨበጥ ያስፈልጋል። ሾኩም በሲሎቹ ውስጥ በመጀመሪያ ይይዛል፣ ቆይቶ ይፈታል። መቀመጫው ውስጥ ያለው ስፖንጅ እንኳ በአጥንታችሁ ልክ ጥቂት ይረግባል። «ሾኩ ደረቅ ነው፣ መቀመጫው ድንጋይ ነው» ብሎ በመጀመሪያው ቀን የሚፈርድ ሰው ሌላ ሳምንት ላይ ለማይኖር ችግር ገንዘብ ያወጣል።

አሁን ወደ መንገዱ። በአሜሪካ ምሥራቅ ከዚህ የሚሻል የማሟሻ መንገድ አላውቅም፤ የሚጀምረውም ከዲሲ ወደ ምዕራብ 70 ማይል ያህል ርቆ ፍሮንት ሮያል ከተማ ላይ ነው። እዚያ ስካይላይን ድራይቭ ይነሣል፤ በሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በተራራ ጫፍ ላይ 105 ማይል ይሄዳል። በሮክፊሽ ጋፕ ሲያልቅ ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ይቀበለዋል፤ እሱ ደግሞ በሰሜን ካሮላይና እስከ ቼሮኪ ድረስ 469 ማይል ይዘልቃል። ሁለቱ ተደምረው 574 ማይል ይሆናሉ። የሆንዳ የመጀመሪያ ሰርቪስ 600 ማይል ላይ ነው። አንድ መሐንዲስ ለእኛ ብሎ የለካው ይመስላል፤ በእርግጥ ማንም እንዲህ አላሰበም። ስካይላይን በ1930ዎቹ የተሠራ ነው (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው)፤ ፓርክዌዩ በ1935 ተጀምሮ ያለቀው በ1987 ነው።

የስካይላይን የፍጥነት ወሰን በሰዓት 35 ማይል፣ የፓርክዌዩ 45 ማይል ነው። የጭነት መኪና የለም። መንገዱ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይጠመዘዛል፤ አንድ ዓይነት ፍጥነት ልያዝ ብትሉ እንኳ አይፈቅድላችሁም። ስትወጡ ጋዙ ፋሻውን ይጫነዋል፤ ስትወርዱ ነዳጁን ለቃችሁ በማርሽ ስትይዙት ሞተሩ ያርፋል፣ ይቀዘቅዛል። የጎማው ግራና ቀኝ ሳይታወቃችሁ ይሻክራል። ፍሬኑ ደግሞ በየመታጠፊያው በመጠኑ እየተያዘ ይላመዳል። ወደ ፍሮንት ሮያል ስትሄዱ ግን ቁጥር 66ን አውራ ጎዳና ተዉትና ከጎኑ በማርሻል በኩል በሚያልፈው በመንገድ 55 ሂዱ፤ በ65 ማይል ፍጥነት አንድ ሰዓት ሙሉ ቀጥ ብሎ መሄድ ልንሸሸው ያልነው ነገር ነው።

ጥቂት ማሳሰቢያ አለኝ። ፓርክዌዩ ላይ ነዳጅ አይሸጥም፤ ወደየከተማው መውረድ ያስፈልጋል። 26 ዋሻዎች አሉ፤ ከፀሐይ ወደ ጨለማ በአንድ ጊዜ ስለምትገቡ ጥቁር መነጽር ብቻ ይዞ መሄድ አይበቃም። በ2024 መስከረም የመጣው ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ በሰሜን ካሮላይና በኩል መንገዱን ክፉኛ ስለጎዳው ከመነሣታችሁ በፊት የትኛው ክፍል እንደተከፈተ ጠይቁ። አጋዘን ደግሞ ማለዳና ማታ ሕግ አያውቅም።

በነገራችን ላይ የፓርክዌዩ ከፍተኛ ቦታ 1,845 ሜትር ነው። ከሚሲሲፒ ወንዝ ወዲህ ያለው ትልቁ ተራራ ማውንት ሚቼል እንኳ 2,037 ሜትር ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ቦሌ ላይ ቆማችሁ ማኪያቶ የጠጣችሁ ሁሉ ከዚህ ተራራ በላይ ጠጥታችኋል። ከፍታ ለሞተር ቀልድ አይደለም፤ አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ተራ ሞተር ከባሕር ጠለል ጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። የዛሬዎቹ ነዳጅ በኮምፒውተር የሚመጥኑ ሞተሮች ድብልቁን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ የጠፋውን አየር ግን ማንም አይመልሰውም።

ከዲሲ ተነሥታችሁ አሽቪል ስትቃረቡ መቁጠሪያው ወደ 600 ማይል ይጠጋል። የመጀመሪያውን ሰርቪስ እዚያው ወይም ተመልሳችሁ አስደርጉ፤ አታሳልፉት። ዘይቱ ሲፈስስ ብታዩት ደቃቅ የብረት ብናኝ ያብለጨልጭበታል። ያ የፋሻውና የማርሹ ሙራጅ ነው፤ ተገቢ ነው፣ ግን ሞተሩ ውስጥ መክረም የለበትም። ፊልትሮውም አብሮ ይለወጥ። ቢኤምደብልዩ የኋላ ጎማውን በዘንግ የሚያሽከረክረውን ማርሽ ዘይትም በዚሁ ጊዜ ያስለውጣል። ብሎኖቹ ይጠበቃሉ፣ የፍሪሲዮን መያዣው ልክ ይታያል።

ዘይት ከተነሣ አይቀር፣ ለመኪናችሁ የገዛችሁትን የተረፈ ዘይት ሞተር ሳይክሉ ውስጥ እንዳትጨምሩ። በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮኑ የሚሠራው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። ነዳጅ እንዲቆጥብ ተብሎ ማንሸራተቻ የተጨመረበት የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑንም ያንሸራትተዋል። ጠርሙሱ ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት ፈልጉ፤ ጃፓኖች ለዚሁ ጉዳይ ያወጡት መለኪያ ነው። ጠርሙስ ለማንበብ የሚፈጀው ጊዜ ፍሪሲዮን ከማውረድ ያጥራል።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። ለሞተር ሳይክል ዕቃ መጨመርን የምቃወም እንዳይመስላችሁ። ቱሪንግ የሚባለው ነገር ራሱ የተወለደው በባለቤቶች መጨመር ነው። ሆንዳ ጎልድ ዊንግን በ1974 ጥቅምት ኮሎኝ ላይ ሲያሳይ ሞተሩ አስደናቂ ነበር፤ 999 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር በአግድም የተኛ፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ፣ ጎማውን በዘንግ የሚያሽከረክር። ከዚያ በተረፈ ግን ራቁቱን ነበር። የነፋስ መከላከያ የለውም፣ ሻንጣ የለውም። አሜሪካኖቹ ገዙና ወዲያውኑ ማልበስ ጀመሩ። ክሬግ ቬተር የሚባል የኢሊኖይ ዲዛይነር ዊንድጃመር የሚባል ትልቅ የፊት መከላከያ ይሠራ ነበር፤ ለብዙ ዓይነት ሞተር ይገጠማል። በ1970ዎቹ አውራ ጎዳና ላይ የዊንድጃመር ፊት የሌለው ተጓዥ ማየት ብርቅ እየሆነ መጣ።

ሆንዳ አየ፣ ተማረ። በ1980 ጎልድ ዊንግ 1100 ሲወጣ ኢንተርስቴት የተባለው ዓይነት የነፋስ መከላከያውንና ሻንጣዎቹን ከፋብሪካ ይዞ መጣ። በዚያው ዓመት ጎልድ ዊንግ በኦሃዮ በሜሪስቪል መገጣጠም ጀመረ፤ ለብዙ ዓመታትም የአሜሪካ ሠራተኛ የሚሠራው የጃፓን ሞተር ሆኖ ቆየ። በ1988 ስድስት ሲሊንደርና የኋላ ማርሽ መጣ፤ በ2001 ሞተሩ 1,800 ሲሲ ደረሰ። በ2018 እንደገና ሲሠራ ክብደቱን ለመቀነስ ሻንጣዎቹ አነሱ፤ ባለቤቶች ጮኹ፤ በ2021 የኋላው ሻንጣ ከ50 ወደ 61 ሊትር አደገ።

ይህን ታሪክ የነገርኳችሁ ለአንድ ነገር ነው። እነዚያ የ1970ዎቹ ሰዎች የጨመሩት መንገድ ላይ ሆነው የጎደላቸውን ነው፤ ደረታቸውን ነፋስ ሲመታው፣ ልብሳቸውን የሚያስቀምጡበት ሲያጡ። የዛሬ ገዢ በአብዛኛው የሚጨምረው ሌላ ሰው ሲጨምር ያየውን ነው። ስለዚህ በእነዚያ 574 ማይሎች ላይ ትንሽ ደብተር ያዙ። በየማረፊያው ምን እንዳመማችሁ ጻፉ፦ አንገት፣ የእጅ አንጓ፣ ጉልበት፣ ጆሮ። ከጉዞው መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የተጻፈውን ሰርዙት።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ነጻ ነው፤ የሾኩን ሞላ በክብደታችሁ ልክ ማጥበቅ። ፋብሪካው ሞላውን የሚያዘጋጀው ብዙውን ጊዜ 75 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን ሰው ነው። ከመካከላችን እንዲህ የሚመዝን ያለ አይመስለኝም፤ የፋሲካ ሳምንት ደግሞ ፈጽሞ የለም። ሞተሩ ላይ ስትቀመጡ የኋላው ሾክ ከሙሉ እንቅስቃሴው ሲሶ ያህል መስመጥ አለበት። ከዚያ ከበለጠ ፊቱ ወደ ላይ ያያል፣ መብራቱ ዛፍ ያበራል፣ መሪው ይከብዳል። ብዙ ሰው «ይህ ሞተር ጥምዝ አይወድም» የሚለው ሞላውን በአንድ ቁልፍ ሳያዞር ነው። አዞራችሁም ካልበቃ፣ ያኔ ለክብደታችሁ የሚሆን ሞላ ወይም ሾክ መግዛት ገንዘቡ የሚቆጭ አይደለም። ከሁሉም ዕቃ አስቀድሞ የምመርጠው እሱን ነው፤ ሲያዩት ግን ስለማያምር ማንም አይገዛውም።

የጎማ ነፋስም ነጻ ነው። ለጎልድ ዊንግ ከፊት 36፣ ከኋላ 41 ፒኤስአይ ነው፤ ጠዋት ሳይሞቅ ይለካል።

ክብደትን አስሉ። በእያንዳንዱ ሞተር ላይ የተለጠፈ የመሸከም ልክ አለ፤ የብዙዎቹ ትልልቅ ቱሪንጎች ከ200 ኪሎ ብዙም አይርቅም። ነጂው 85፣ ከኋላ የምትቀመጠው 68፣ የሁለቱ ሄልሜት፣ ጃኬትና ቦት 16 ኪሎ ቢሆን 169 ሆነ። የቀረው 31 ኪሎ ነው፤ ከዚያ ላይ የሻንጣ መደርደሪያ፣ የብረት መከላከያ፣ መብራትና ሁለተኛ መቀመጫ ስትገጥሙ ልብስ የምታስገቡበት ሻንጣ ቢኖርም ልብሱን የሚሸከም ሞተር የላችሁም። በርበሬና ሽሮ ለዘመድ ልውሰድ የሚሉ ሰዎች ይህን ስሌት ሁለት ጊዜ ይሥሩት።

በፊት መስታወት ነገር ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሄልሜቱ ላይ ጩኸትና መንቀጥቀጥ ሲበዛ ረጅም መስታወት ይገዛል። መስታወቱ ግን ነፋስን አያጠፋም፤ በጫፉ ላይ ያሽከረክረዋል፣ የሚሽከረከረውም ነፋስ ራሳችሁን ይመታል። ጸጥ ባለ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ በሉ። ጩኸቱ ከጠፋ የሚያስፈልጋችሁ ያጠረ መስታወት ነው። ዝቅ ስትሉ ከጠፋ የረዘመውን ግዙ። ጎልድ ዊንግን በመሰሉት ላይ መስታወቱ በቁልፍ ከፍና ዝቅ ስለሚል ፈተናው ከዚህም ይቀላል። ደግሞም በአውራ ጎዳና ፍጥነት ሄልሜት ውስጥ ያለው የነፋስ ጩኸት ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ይህን የሰማ ጆሮ አይመለስም። የጆሮ መድፈኛ ስፖንጅ ከሁሉም ዕቃ ርካሹ ነው። በምታልፉበት ስቴት መፈቀዱን ብቻ አረጋግጡ።

ኤሌክትሪክ ላይ ጥቂት ብቻ። የሚሞቅ ጃኬት 80 ዋት ያህል ይበላል፤ ሁለት ሰው ሲለብሰው 160። አልተርኔተሩ የሚያመነጨውን፣ ሞተሩ ለራሱ የሚፈልገውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የሚተርፈው ነው የእናንተ። አዲሶቹ ሞተሮች ሽቦአቸው በኮምፒውተር የሚጠበቅ ስለሆነ መብራት ለመግጠም ሽቦ ቆርጦ መቀጠል የስህተት ምልክት ያስነሣል። በሪሌና በፊውዝ ከባትሪው አምጡት። ለአሮጌ አምፖል በተሠራ መብራት ውስጥ ኤልኢዲ ሰክቶ የመጣውን መኪና ሁሉ ማሳወር ደግሞ ጨዋነት አይደለም።

እዚህ አገር ያላችሁ የማታውቁት መብት አለ። ሻጩ «ሰርቪስ እኛ ጋ ካላደረግህ፣ የእኛን ዕቃ ካልገጠምህ ዋስትናህ ይሰረዛል» ሊላችሁ ይሞክራል። ማግኑሰን–ሞስ የሚባል የ1975 የፌዴራል ሕግ አለ፤ አምራቹ ዋስትናውን ለመከልከል የሌላ ሰው ዕቃ ጉዳቱን ማድረሱን ማሳየት አለበት። ሌላ ዕቃ ስለተገጠመ ብቻ መከልከል አይችልም። ዘይቱን ራሳችሁ ብትለውጡም ይሄው ነው፤ ደረሰኙን አስቀምጡ፣ ቀኑንና ማይሉን ጻፉ። የእኛ ሰው ደረሰኝ የመጣል ልማድ አለው፤ ይህኛውን አትጣሉ።

ሕጉ ግን ማርሚታን አያድንላችሁም። ከ1986 ጀምሮ ለመንገድ የሚሸጥ ሞተር ሳይክል ከ80 ዴሲቤል በላይ እንዳይጮህ የፌዴራል ደንብ አለ፤ ማርሚታው ላይ ማኅተሙ ተቀርጿል። የጭስ ማጣሪያውን ማውለቅም ክልክል ነው። «ጩኸት ሕይወት ያድናል» የሚለውን መፈክር ሰምቻለሁ። ድምፁ የሚወጣው ወደ ኋላ ነው፤ አደጋው የሚመጣው በአብዛኛው ከፊት ነው። በ1981 በሎስ አንጀለስ 900 አደጋዎችን መርምሮ የወጣው የሃሪ ኸርት ጥናት መኪናና ሞተር ሳይክል ከተጋጩባቸው ከሦስቱ ሁለቱ ያህሉ ባለመኪናው ቅድሚያ በመንሣቱ የደረሱ መሆናቸውን አሳይቷል። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 ከመቶ ደግሞ መንዳትን በራሳቸው ወይም ከዘመድና ከጓደኛ የተማሩ ነበሩ። ብዙዎቹ የፊት ፍሬናቸውን መጠቀም አያውቁበትም ነበር። ለማርሚታ የምታወጡትን ገንዘብ ለአንድ ቅዳሜና እሑድ የማሠልጠኛ ክፍያ ብታደርጉት፣ ፍሬኑ ከተላመደ በኋላ ባዶ ሜዳ ላይ በኃይል መያዝን ብትለማመዱ፣ ከምትገጥሙት ሁሉ የላቀ ዕቃ ነው።

አገር ቤት ድረስ በሞተር ሳይክል እገባለሁ የሚል ሕልም ያላችሁ እንዳላችሁም ሰምቻለሁ። ይቻላል። በ2007 ተዋናዮቹ ዩዋን ማግሬገርና ቻርሊ ቦርማን ከስኮትላንድ ኬፕ ታውን ሲሄዱ ኢትዮጵያን አቋርጠዋል፤ ቢኤምደብልዩአቸው በዕቃ የተሞላ ነበር፣ ደጋፊ መኪናም ይከተላቸው ነበር። ከእነርሱ በፊት ግን ቴድ ሳይመን የሚባል ጋዜጠኛ በ1973 ከለንደን ተነሥቶ በ500 ሲሲ ትራያምፍ አራት ዓመት ያህል ዓለምን ዞሯል፤ እሱም በኢትዮጵያ አልፏል። ያ ሞተር ዛሬ እዚህ ደጅ ከቆሙት ከማናቸውም ያነሰ ጉልበት ነበረው። ምን ያህል ዕቃ ያስፈልገኛል የሚለውን ጥያቄ ስታስቡ ሁለቱንም አብራችሁ አስቡ።

አንድ ሰው ረስቼአለሁ፤ ከኋላ የምትቀመጠውን፣ ወይም የሚቀመጠውን። ሆንዳ በ2021 ሻንጣውን ሲያሳድግ የኋላ ተሳፋሪውን መደገፊያም ከ17 ወደ 24.5 ዲግሪ አጋደለው፤ ከኋላ የተቀመጡ ሰዎች ቀጥ ብለው እንደ ፈተና ተፈታኝ መቀመጥ ሰልችቷቸው ነበርና። ነጂው መሪውን ይዞ ደስ ሲለው ተሳፋሪዋ ለአራት ሰዓት የምታየው የሄልሜቱን ጀርባ ነው። የእግር ማሳረፊያው ከፍ ይልባታል፣ ነፋሱ ከትከሻው ላይ ተመልሶ ይመታታል፣ መንገር ስትፈልግ አይሰማትም። ስለዚህ ደብተሩን አንድ ማረፊያ ላይ ለእርሷ ስጡ። ከእናንተ የተለየ ዝርዝር ታገኛላችሁ፤ ገንዘቡ የሚወጣው ከአንድ ቤት ከሆነ የሷ ዝርዝር መቅደም ይገባዋል።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ሁልጊዜ ከኋላ የምትቀመጡት ትጀምራላችሁ፤ ነጂዎች ትቆያላችሁ።